ፊልም የሚመረቀው የት ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጥበብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ለዛሬ የተሰጠኝ ርእስ «በግል ጥረት የተሠራ አጭር ፊልም እንዴት ይመረቃል፤ ለሕዝብስ እንዴት ይተዋወቃል» የሚል ነው። ርእሱን የመረጠው የክበባችን ኮሚቴ ሲሆን ለምን እንደ መረጠው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው በጋ ግልገል በለስ ሄደን ያነሣነው ፊልም ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ አልቋል። ርዝመቱ 17 ደቂቃ ነው። ስሙን ዛሬ አልናገርም፤ ለምረቃው ቀን ይቆይ። እስካሁን ቁርጡ ያልታወቀው የሚመረቅበት ቦታ ነው። ከኮሚቴው አባሎች የሚበዙት አዲስ አበባ ይሁን ይላሉ። ግልገል በለስ ይሁን የምንለው ሦስት ብቻ ነን። እንግዲህ የምናገረው እንደ አንድ ወገን ሆኜ ነው፤ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ፈረንጆች የፊልምን የመጀመሪያ ትርዒት «ፕሪሚየር» ይሉታል፤ ፊተኛ፣ መጀመሪያ እንደ ማለት ነው። እኛ ግን ምረቃ አልነው። ተማሪ ይመረቃል፤ ድልድይ ይመረቃል፤ ልጅ ከቤት ወጥቶ ሩቅ አገር ሲሄድ በሽማግሌ ይመረቃል። የፈረንጁ ቃል የሚናገረው ስለ ጊዜ ብቻ ነው፤ የእኛው ቃል ግን ወዲያው «መራቂውስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። አዲስ አበባ ውስጥ በምናየው የፊልም ምረቃ መራቂው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የስፖንሰሮች ስም የተጻፈበት ሸራ ይዘረጋል፤ ታዋቂ ሰዎች በሸራው ፊት እየቆሙ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከዚያም ንግግር ይቀጥላል። ለሁለት ሰዓት ፊልም ይህ ይቻል ይሆናል። የእኛ ግን 17 ደቂቃ ስለሆነ የክብር እንግዳው ንግግር ከፊልሙ ይረዝማል።

አጭር ፊልም ስል አንዳንድ ሰዎች የልምምድ ሥራ፣ የረጅም ፊልም ቁራጭ ይመስላቸዋል። በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ደንብ አጭር ፊልም የሚባለው፣ መጨረሻ ላይ የሚወርደው የስም ዝርዝር ጭምር ተቆጥሮ፣ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ነው። በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የአፍሪካ የፊልም በዓል፣ ፌስፓኮ፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን ለረጅም ፊልም ትልቁ ሽልማቱ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ይባላል፤ ለአጭር ፊልም የሚሰጠው ደግሞ የወርቅ ውርንጭላ ነው። ውርንጭላ የፈረስ ግልገል መሆኑን ለገጠር ልጅ መንገር አያስፈልግም። ስሟ ራሱ ግልገል ከሆነ ከተማ የመጣ ፊልም ለዚህ ሽልማት ቢወዳደር ስሙ አይከብደውም ብዬ አንድ ቀን ለኮሚቴው ቀልጄ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ከአገራችንም በአጭር ፊልም ሩቅ የደረሱ አሉ። ሕይወት አድማሱ ጌታነህ «ኒው አይስ» የተባለው አጭር ሥራዋ በ2015 እ.ኤ.አ. በቬኒስ በዓል ታይቶላታል። ልጅነቷን በሐረር ያሳለፈችው ጄሲካ በሽር ስለ ሐረሩ ጅብ መጋቢ በጥቁርና ነጭ የሠራችው «ኸይራት» በ2017 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ቀርቧል። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ይሁን እንጂ አጭር ፊልም በንግድ ሲኒማ ቤት ቦታ የለውም። የሲኒማ ቤት ባለቤት ትኬት የሚሸጠው ለአንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ትርዒት ነው፤ ለ17 ደቂቃ ማን ይከፍላል? ስለዚህ የአጭር ፊልም ሠሪ ፊልሙን ከጨረሰ በኋላ አከፋፋይም፣ አስተዋዋቂም፣ መቀመጫ ደርዳሪም ራሱ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን የኃይሌ ገሪማ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ኃይሌ በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ቴአትር ደራሲ ነበሩ፤ ቴአትራቸውንም ከቦታ ቦታ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጁ አሜሪካ ሄዶ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማር የጀመረው በአጭር ሥራ ነው፤ «አወር ግላስ» የ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አወጣ። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚጠቅመን «ሳንኮፋ» ነው። ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረው ይህ ፊልም በ1993 እ.ኤ.አ. በበርሊን በዓል ለውድድር ቀርቦ ሳለ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ግን አልተገኘም። ፊልሙ ተሠርቶ፣ በታላቅ በዓል ታይቶ፣ እንዲያየው የታሰበው ሕዝብ ደጃፍ ሲደርስ በሩ ተዘጋ።

እርሱና ባልደረቦቹ ያደረጉት እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤቱን ከነወንበሩ ለተወሰነ ጊዜ ቁርጥ ያለ ኪራይ ከፍለው ይይዛሉ፤ ከትኬት የሚገኘው ገቢ በሙሉ የእነርሱ ይሆናል፤ ኪሳራውም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ማኅበሮች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ መጻሕፍት ቤቶችና ሬዲዮዎች ሄደው «ይህ ፊልም የእናንተ ነው፤ ኑና እዩ» ይላሉ። ዋሽንግተን ላይ በዚህ መንገድ ተጀመረ፤ ከዚያ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ፤ የመጣውም ሰው እየተሰለፈ ነበር። ኃይሌ ያስተምርበት በነበረው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብም በፊልሙ ስም የተጠራ መጽሐፍና ፊልም መሸጫ ቤት ተከፈተ። አስተውሉ፦ ማስታወቂያው የተሠራው በገንዘብ ብዛት አይደለም። ፊልሙ ስለ እነማን እንደሚናገር ታወቀ፤ እነዚያ ሰዎች ያሉበት ተሄደ፤ እነርሱም ለጎረቤቶቻቸው ነገሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. «ጤዛ» በቬኒስ ሲሸለም፣ በተከታዩ ዓመትም የዋጋዱጉን የወርቅ ፈረስ ሲወስድ የተደረገለት ጭብጨባ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሆነውን ላንሣ። «ድፍረት» የተባለውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪን ፊልም ታስታውሳላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፊልሙ እንዳይታይ መታገዱን ተናገረ። ክርክሩ የተነሣው ፊልሙ ከታሪኳ ከተቀዳው ሴት ጋራ ነበር፤ የጥቅሟና የፈቃዷ ነገር ነበር። እገዳው ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ማን ልክ ነበር ለማለት እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ፊልሙም ለአገራችን ሴቶች ያደረገው አስተዋጽኦ አይካድም። እኔ የማስተውለው ቅደም ተከተሉን ነው። ፊልሙ በጥር አሜሪካ፣ በየካቲት ጀርመን ታይቶ ሲያበቃ ክርክሩ አደባባይ የወጣው አዲስ አበባ በነሐሴ፣ በምረቃው ምሽት ነው። ባለታሪክ ያለው ፊልም ባለታሪኩን ካላስቀደመ ምረቃው ላይ ነገር ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ግልገል በለስ ልምጣ። ከተማዪቱን የማታውቁ ጓደኞች ካላችሁ፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመተከል ዞን ዋና ከተማ ነች፤ ከቻግኒ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። በገበያዋ ጉሙዝኛ፣ ሽናሻ፣ አገውኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ይሰማል፤ በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ወደ ፓዊ የሰፈሩት ሰዎች ደግሞ ከወሎም ከደቡብም ይዘው የመጡት ቋንቋ አለ። እስካሁን ካሜራ ወደዚህ አገር የሚመጣው ሁለት ነገር ሊያነሣ ነው፦ ወይ ግድቡን፣ ወይ ሬሳን። ግድቡ ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የመጣው ካሜራ ሥፍር ቁጥር የለውም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ሰው በማንነቱ ሲገደልና ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሎ ቻግኒ ሲሰፍር የመጣውም እንዲሁ ብዙ ነበር። ሦስተኛ ልጨምር ብል፣ ሸክሟን በትከሻዋ ላይ በተጋደመ እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥላ የምትሄደውን የጉሙዝ ሴት የሚያነሣው መንገደኛ ነው። የፎቶግራፉ ብዛት! ነገር ግን ከተነሡት ሴቶች መካከል ሥዕሏን መልሶ ያሳያት ስንቷ ትሆን? ለዘመናት በስድብ ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ሥዕሉን ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ ማየት ለምዷል።

የእኛ ፊልም የሚናገረው ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንደኛዋ ጉሙዝ፣ ሁለተኛዋ አገው ናቸው፤ በ2013 ተለያይተው ከዓመታት በኋላ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ይገናኛሉ። ወፍጮው ስለሚጮኽ መነጋገር አይችሉም። ከዚህ በላይ አልናገርም። ተዋናዮቹ ተዋናይ ያልሆኑ የአካባቢው ሴቶች ናቸው፤ ታሪኩን እኛ ብንጽፈውም እህል አሰጣጡን፣ አቀማመጡን፣ ዝምታውን ያረሙት እነርሱ ናቸው። ይህን ፊልም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ብናሳየው፣ ስለ እነርሱ ሌላው ሰው ከጨበጨበ በኋላ ለእነርሱ የሚደርሳቸው ወሬው ነው። ፊልሙ አንድ ቦታ ላይ ውሸት ከሆነ ደግሞ ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ዳጉሳ ሲፈጭ የሚሰማው ድምፅ ከማሽላ የተለየ መሆኑን አያውቅም፤ ያቺ እናት ታውቃለች።

የተቃወሙኝን ሐሳቦች ማለፍ አይገባኝም፤ ክብደት ያላቸው ናቸውና።

አንደኛው ስለ በዓሎች ነው። አንዳንድ የውጭ በዓሎች ፊልም ከእነርሱ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ከታየ አይቀበሉም፤ «ግልገል በለስ ላይ አሳይታችሁ ዕድሉን ታበላሹታላችሁ» ተብያለሁ። ይህ ደንብ የሚጠብቀው በአብዛኛው ለረጅም ፊልም ሲሆን፣ በአጭር ፊልም ላይ የብዙዎቹ በዓሎች ደንብ የላላ ነው። እነርሱ አብልጠው የሚፈሩት በኢንተርኔት ለሁሉ መለቀቁን ነው። ስለዚህ ማድረግ የሚገባን ደንባቸውን አንድ በአንድ ማንበብና ፊልሙን በዩቲዩብም በቴሌግራምም አለመልቀቅ ነው። ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ አንድ በዓል የወፍጮ ቤቷን እናት አስቀድማችሁ ለምን አሳያችሁ ብሎ ቢመልሰን፣ እኔ በበኩሌ አልቆጭም።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ቁስሉ ገና አልሻረም፤ በጨለማ ሕዝብ ሰብስባችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ማሳየት እሳት መጫር ነው» ያለው ጓደኛችን የመተከል ልጅ ነው፤ ዘመድ የተቀበረበት ነው። መልስ አለኝ ብዬ ደረቴን አልነፋበትም። ከእርሱ ጋራ ተመካክረን የደረስንበት ግን ይህ ነው፦ ከሕዝቡ ምረቃ አስቀድሞ ፊልሙ ለተዋናዮቹና ለቤተ ሰቦቻቸው፣ ከዚያም ከየወገኑ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በቤት ውስጥ ይታያል። ይቅር የሚሉት ነገር ካለ ይቆረጣል፤ «ጨርሶ አይታይ» ካሉ ደግሞ አይታይም። አንዳንድ የኮሚቴው አባሎች «ሠሪው ሥራውን ለሽማግሌ ሳንሱር አሳልፎ ይሰጣል እንዴ?» ብለው ተቆጥተዋል። ሳንሱር የሚባለው ፊልሙ ውስጥ የሌለ ባለ ሥልጣን ሲቆርጠው ነው። ፊቷ ያለበት ሴት «ይህ ይቅር» ስትል ቃሉ አይስማማውም። ሰዓቱም ማታ መሆኑ ቀርቶ መስኮቱ በተሸፈነ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ሰው በብርሃን መጥቶ በብርሃን ወደ ቤቱ ይገባል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ አጭር መልስ አለው። ግልገል በለስ ላይ ትኬት አንሸጥም። ወጪያችን መጓጓዣ፣ አዳራሽና ነዳጅ ነው። ገቢ የምንፈልገው ኋላ በአዲስ አበባ፣ የሌሎች ተማሪዎችን አጫጭር ፊልሞች ከእኛው ጋራ አዳብለን የአንድ ሰዓት ትርዒት አድርገን ስናቀርብ ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ የተማርነውን ላካፍላችሁ፤ ወደፊት ፊልም የምትሠሩ አላችሁና።

ጊዜውን በተመለከተ፤ በክረምት አይሆንም። በበለስ ቆላ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ከድምፅ ማጉያም ይበልጣል። ጥቅምትና ኅዳር ሰው ሁሉ ሰሊጡንና ማሽላውን ሲሰበስብ የሚያይ ዓይን የለውም። ስለዚህ ጥርን መርጠናል።

ድምፅ ከሥዕል ይቀድማል። በጨለመ አዳራሽ መካከለኛ ፕሮጀክተርና በደንብ የተወጠረ ነጭ አንሶላ ሥዕሉን ያሳያል፤ ሰውም ጥቂት ቢደበዝዝ ይቅር ይላል። የማይሰማ ንግግር ግን ሰውን ያስነሣዋል። የእኛ ፊልም ደግሞ ከእኩሌታው በላይ የወፍጮ ድምፅ ነው፤ በትንሽ ማጉያ ሲወጣ የተበላሸ ሬዲዮ ይመስላል። ሁለት ደኅና ሞንታርቦ መከራየት አለብን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጄኔሬተር መያዝ ግድ ነው፤ እርሱም በረጅም ገመድ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ በሕንፃው ጀርባ ካልተቀመጠ ከወፍጮአችን ጋራ ይፎካከራል። ፊልሙ በሁለት ፍላሽና በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይገለበጣል፤ አንዱ እንቢ ሲል ሕዝብ ፊት የሚንቀጠቀጥ እጅ አይታይም።

ስለ ቋንቋ። ፊልሙ በአብዛኛው ጉሙዝኛ ይናገራል። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ አድርገንለታል፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችል ተመልካች ብዙ ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት የሕንድን ፊልም በአማርኛ እየተረጎሙ የሚያሳዩትን ታስታውሳላችሁ፤ በኡጋንዳም በየቪዲዮ ቤቱ ማይክሮፎን ይዞ ፊልሙን በሉጋንዳ የሚተርክ ሰው አለ፤ ከፊልሙ ይልቅ እርሱን ብሎ የሚመጣ ተመልካች ሞልቷል። እኛም አንድ የአገውኛና አንድ የሽናሻ ተርጓሚ ማይክሮፎን ይዘው እንዲቀመጡ እናደርጋለን። ወፍጮው በሚጮኽበት ጊዜ ግን ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ትርጉም አያሻውም።

ስለ ማስታወቂያ። አዲስ አበባ ላይ ማስታወቂያ ማለት ፖስተርና ቲክቶክ ነው። ግልገል በለስ ላይ ፖስተር በኮሌጁ በርና በመናኸሪያው ይለጠፋል፤ ዋናው ግን ገበያ ነው። በገበያ ቀን ማጉያ የተጫነበት ባጃጅ በሦስት ቋንቋ ቢዞር በማግስቱ የሰማው ሰው ካልሰማው ይበልጣል። ከባጃጁም በላይ የሚሠራው ተዋናዮቹ ራሳቸው የሚያወሩት ነው፤ ያቺ እናት «እኔ አለሁበት» ካለች ሌላ ምን ማስታወቂያ ያስፈልጋል? የከተማው አስተዳደርና የባህል ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ አለባቸው፤ ደብዳቤውም ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ሳይደብቅ ይናገር። በመጨረሻው ቀን የሚመጣ ክልከላ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ ነገር የሚወለድ ነው።

ሁለት የሕግ ነገሮች። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኛን እንደሚጠብቀን ሁሉ ሌላውንም ይጠብቃል፤ ስለዚህ የሰው ዘፈን ያለፈቃድ ወስደን ፊልማችን ውስጥ አላስገባንም። ተዋናዮቹም ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል፤ ጽሑፉ በሚያውቁት ቋንቋ በምስክር ፊት ተነብቦላቸዋል። ፊልሙ አንድ ቀን ገንዘብ ቢያስገኝ ምን ድርሻ እንዳላቸውም ተጽፎበታል፤ ገንዘብ አያስገኝም ብሎ የሚስቅ ካለ፣ እንግዲያው መጻፉ ምን ይጎዳል?

ከትርዒቱ በኋላ ውይይት ይኖራል። በዚህ ላይ አንድ ልማድ እንድንተው እለምናለሁ፦ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ ተመልካቹ እንዲያመሰግነው የሚደረገውን። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ይናገሩ፤ እኛ መጨረሻ ላይ ከተጠየቅን እንመልስ። ምናልባት ሰው ስለ ፊልሙ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ 2013 ብቻ ይናገር ይሆናል። ምናልባትም ማንም አይናገር።

ከግልገል በለስ ቀጥሎ አሶሳ ይሆናል። አሶሳ የዚያው ክልል ዋና ከተማ ብትሆንም ዓባይ በመካከል ስለሚያልፍ መንገዱ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱን ጉዞ ባንድ ወር ለማድረግ የሚያስብ ካለ መጀመሪያ ካርታ ይመልከት። ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያም በዓሎቹ።

ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ሐሙስ ነው። ውሳኔው ወደ ግልገል በለስ ካዘነበለ የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው፦ አገውኛና ሽናሻ አጥርቶ የሚናገር በጎ ፈቃደኛ፤ ለአንድ ሳምንት የሚበደር ፕሮጀክተር፤ ጄኔሬተር አስነሥቶ የማያቃጥል ሰው፤ ስለ መተከል የሚያውቁ መምህራን ካሉም ደብዳቤአችንን ከመላካችን በፊት እንዲያዩልን እንለምናለን። ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። አዲስ አበባ ይሁን የምትሉም ሐሙስ መጥታችሁ ተከራከሩ፤ እኔ ያልኩትን ሰምታችኋል።